እምብርቷን አስቀድም

ስሙኝማ! ይህ የሆነው ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ላይ ነው። ከተማዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ይቆረጥማል። ወደ ወገዳ የምትሄድ አንዲት ቪትዝ የፊት ፓራውልቷ ድንጋይ ነክቶት ባንድ ወገን ተንጠልጥሏል። ወጣቱ ሾፌር አውልቆ ሊያስተካክለው ካቻቪቴውን ሰክቶ ሊፈነቅል ሲል፣ ጋቢ የደረበ መካኒክ ጮኸበት።

«ተው አንተ ልጅ!»

«አያ፣ ፕላስቲክ አይደል እንዴ?»

«ፕላስቲክ ስለሆነማ ነው!»

በዚህ አገር ጉልበት ያልሞከረው ነገር የለም። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ ያን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እያስጎተቱ በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ወስደውታል። ፓራውልቱን የምትይዘው የፕላስቲክ ክሊፕ ግን ጉልበት አትወድም። ቆብ አላት፣ መሐሏ ላይ እንደ እምብርት የተቀመጠች ሚስማር አለች፣ ከስር የተሰነጠቁ እግሮች አሏት። ሚስማሯ ስትገባ እግሮቹ ተከፍተው ከቀዳዳው ኋላ ይጠምዳሉ። ሚስማሯ ሳትነሳ ቆቡን የጎተተ ሰው እግሮቹን እዚያው ሰብሮ ያስቀራል።

መካኒኩ መጀመሪያ የደረቀውን ጭቃ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ፈገፈገ፤ ኮረኮንች የለመደ መኪና ሚስማሩ በአፈር ይያዛል። ቀጥሎ ከሻይ ቤት ሞቅ ያለ ውሃ በጆግ አስመጥቶ አፈሰሰበት፤ ብርድ ፕላስቲክን ያደርቃል፣ የደረቀ ደግሞ ቀጭ ይላል። ከዚያ የቀጭን ካቻቪቴ ጫፍ በሚስማሯ ጠርዝ ካለችው ስንጥቅ አግብቶ አነሳት። ብቅ ስትል ቆቡን ከስር አነሳው፤ ክሊፗ ሙሉዋን ወጣች።

ሌላዋ ራሷ ላይ የመስቀል ቅርጽ ነበራት። እሷን ሳይጫን ወደ ግራ አዞራት። ሦስተኛዋ ስንጥቅም መስቀልም የላት፤ ይቺ ተንኮለኛ ናት! መሐሏን ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ፣ ጠቅ ስትል ቆቡን ሳበ። «አብዝተህ ከገፋሃት ውስጥ ወድቃ ትቀራለች» አለው።

ልጁ የወለቁትን በሃይላንድ ክዳን እየሰበሰበ፣ «ስመልሳትስ?» አለ።

«ሚስማሯን ከፍ አድርገህ ቆቡን አስገባ፤ መጨረሻ ላይ እምብርቷን ተጫን። ያቺን ተንኮለኛዋን ግን ቀድመህ ከኋላ ገፍተህ መሐሏን አውጣ። መለዋወጫም ያዝ፤ ወገዳ ላይ ቸግሮህ በሽቦ ብታስረው ቀዳዳውን ይበላዋል።»

«ስንት ልክፈል፣ አያ?»

«እኔን ተወኝ፤ የውሃውን ለሻይ ቤቷ ክፈል።»