ሰማያዊ ቆዳና ባለብዙ ስሙ ኤንዛይም

ሐኪም የታማሚውን ከንፈርና ጥፍር ሰማያዊ ሆኖ ሲያገኘው አስቀድሞ የሚጠረጥረው ልብንና ሳንባን ነው። በሰሜን አየርላንድ፣ በሉርጋን ከተማ በጠቅላላ ሕክምና ያገለግሉ የነበሩት ዶክተር ጄምስ ዲኒ እ.ኤ.አ. በ1942 ያገኟቸው ሁለት ወንድማማቾች ግን ለዚህ የተለመደ ጥርጣሬ የሚመቹ አልነበሩም። ሁለቱም ሰማያዊ ነበሩ፤ የመልካቸው ምክንያት ግን ልባቸውም ሳንባቸውም አልነበረም። ዲኒ ለሁለቱም አስኮርቢክ አሲድ፣ ማለትም ቫይታሚን ሲ፣ ከሶዲየም ባይካርቦኔት ጋር አዘዙላቸው። በአንደኛው ላይ በስምንተኛው ቀን ግልጽ ለውጥ ታየ፤ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን መልኩ እንደ ማንኛውም የአገሩ ሰው ሆነ። ለሁለተኛው አንድ ወር ያህል ፈጀ። የሕክምናው ውጤት በ1943 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ታትሞ ወጣ።

መድኃኒቱ ሠርቷል፤ የበሽታው ሥር ግን ገና አልታወቀም ነበር። በጊዜው ይታወቅ የነበረው፣ በእነዚህ ሰዎች ደም ውስጥ ሜትሄሞግሎቢን መብዛቱ ነው። ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን ብረት አንድ ኤሌክትሮን ሲያጣ ሄሞግሎቢኑ ወደ ሜትሄሞግሎቢን ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ኦክስጅን አይሸከምም፤ ደሙም የቸኮሌት መልክ ይይዛል። ይህ ለውጥ በጤነኛ ሰው ደምም በየዕለቱ የሚፈጸም ነው። ሆኖም ሰውነት የጠፋውን ኤሌክትሮን ሳይዘገይ ስለሚመልስ፣ የሜትሄሞግሎቢን መጠን ከጠቅላላው 1 በመቶ ገደማ ላይ ተወስኖ ይቆያል። መጠኑ ከ10 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ ቆዳ ይጠይማል፤ ከ70 በመቶ ሲያልፍ ሞት ያስከትላል። እንግዲህ ጥያቄው ኤሌክትሮኑን የሚመልሰው ማን ነው? የሚል ነበር።

መልሱ የተገኘው ከሉርጋን ብዙም ሳይርቅ፣ በቤልፋስት ከተማ በኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ የሄንሪ ባርክሮፍት የሥራ ባልደረባ የነበሩት ኩዌንቲን ጊብሰን፣ የሕሙማንን ቀይ የደም ሕዋሳት ከሰውነት ውጭ ላክቴትና ግሉኮስ እየመገቡ ሜትሄሞግሎቢኑ በምን ፍጥነት ወደ ሄሞግሎቢን እንደሚመለስ ለኩ። በጤነኛ ሕዋስ የሚታየው ምላሽ በሕሙማኑ ሕዋስ የለም ለማለት የሚያስደፍር ነበር። ጥቂት ሜቲሊን ብሉ ሲጨመር ግን ምላሹ ፈጠነ። ጊብሰን ከዚህ ተነሥተው ሕዋሱ ሁለት መንገዶች እንዳሉት፣ ዘወትር የሚሠራው መንገድ በሕሙማኑ ላይ እንደተዘጋ፣ ጉድለቱም ከኤንኤዲኤች ኤሌክትሮን ተቀብሎ በሚያሳልፈው ኤንዛይም ላይ እንደሆነ በ1948 አስታወቁ። ኤንዛይሙን አጣርተው ሳያወጡ፣ በምላሹ ፍጥነት ብቻ እዚህ መድረሳቸው ዛሬም የሚያስደንቅ ነው። በዘር የሚተላለፍ በሽታ ከአንድ የተወሰነ ኤንዛይም ጉድለት ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተያያዘው በዚህ ሥራ እንደሆነ ብዙዎች ይስማማሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የስም ብዛት ያደናገረው ነው። በአላስካ ይሠሩ የነበሩት ኤድዋርድ ስኮት፣ በአካባቢው ነባር ሕዝቦች መካከል ሰማያዊ ሰዎችን አግኝተው መርመሩና ጎዶሎውን ኤንዛይም በ1959 እና በ1960 ባወጧቸው ጽሑፎች ዳያፎሬዝ ሲሉ ጠሩት። የሕሙማኑ ወላጆች ጤነኞች ሆነው የኤንዛይሙ መጠን በደማቸው መካከለኛ መሆኑንም አሳዩ። በኬንታኪ ተራሮች ከአንድ የዘር ሐረግ የመጡ ሰማያዊ ቤተሰቦችን የመረመሩት የደም ሐኪም ማዲሰን ካዌን፣ በ1964 ባሳተሙት ጽሑፍ ተመሳሳይ ጉድለት ማግኘታቸውን ገለጹ። ካዌን ለሕሙማኑ ሜቲሊን ብሉ ሲሰጡ መልካቸው በደቂቃዎች ውስጥ ተለወጠ። ሰማያዊ ሰው በሰማያዊ ቀለም መዳኑ ለሰሚ እንቆቅልሽ ቢመስልም፣ ነገሩ ጊብሰን ያመለከቱት ሁለተኛ መንገድ መከፈት ነው። ይህ መንገድ የሚንቀሳቀሰው በኤንኤዲፒኤች ሲሆን፣ ኤንኤዲፒኤችን የሚያቀርበው ደግሞ ጂ6ፒዲ የተባለው ኤንዛይም ነው። ስለዚህ ጂ6ፒዲ ለሚጎድለው ሕመምተኛ ሜቲሊን ብሉ አይጠቅመውም፤ ቀይ የደም ሕዋሳቱንም ሊያፈርስበት ይችላል።

በሌላ በኩል ስትሪትማተርና ቬሊክ በ1950ዎቹ ከጉበት ሕዋስ ሳይቶክሮም ቢ5 ሪዳክቴዝ የተባለ ኤንዛይም አጣርተው አውጥተው ነበር። የጉበቱን ሥራ ከሰማያዊዎቹ ሰዎች ጋር ያገናኘው ግን አልነበረም። በ1971 ሃልትክዊስትና ፓሶን በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሳይቶክሮም ቢ5 እና የእሱ ሪዳክቴዝ ተባብረው ሜትሄሞግሎቢንን እንደሚመልሱ አሳዩ። የደሙ ዳያፎሬዝና የጉበቱ ሪዳክቴዝ ከአንድ ጂን የሚወጡ የአንድ ፕሮቲን ሁለት መልኮች ናቸው፤ ጂኑም በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። በሌሎች ሕዋሳት ፕሮቲኑ በማይቶኮንድሪያ ውጫዊ ሽፋንና በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ላይ ተተክሎ የስብ አሲዶችንና የኮሌስትሮልን ግንባታ ያግዛል። የበሰለ ቀይ የደም ሕዋስ ግን ማይቶኮንድሪያ የለውም፤ ስለዚህ ያው ፕሮቲን መተከያ ጫፉ ተቆርጦለት በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ ይሠራል። ኤንዛይሙ በማይቶኮንድሪያ ሽፋን ላይ ካሉት ተግባራት አንዱ የተቃጠለ ቫይታሚን ሲን ማደስ ነው። ዲኒ ለወንድማማቾቹ ያዘዙትም ያንኑ ቫይታሚን ነበር።

ይህ እውቀት በኢትዮጵያ ለሚሠራ ሐኪምም ሩቅ አይደለም። ለሥጋ ደዌ የሚሰጠው ዳፕሶንና ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው ፕሪማኪን ሜትሄሞግሎቢን የማብዛት ባሕርይ አላቸው፤ የኤንዛይሙ መጠን በግማሽ ያነሰ ሰው ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ይጋለጣል። የጨቅላ ሕፃናት ኤንዛይም ገና ያልጠነከረ በመሆኑ፣ ናይትሬት የበዛበት የጉድጓድ ውሃ እንደሚመርዛቸው ሃንተር ኮምሊ በአሜሪካ የአዮዋ ግዛት በ1945 አስተውለዋል።

ይሁን እንጂ ጉድለቱ የደም ብቻ ነው የሚለው እምነት ለረጅም ጊዜ ዋጋ አስከፍሏል። ዎርስተር ድሮውትና ባልደረቦቻቸው በ1953 ከሰማያዊነቱ ጋር የአእምሮ እድገት መጓደልና የነርቭ ሕመም የታየባቸውን ሕሙማን ጠቅሰው ጽፈው ነበር፤ ሁለቱን ምን እንደሚያገናኛቸው ግን አልታወቀም። በ1975 ዣን ክሎድ ካፕላን የነበሩበት የፓሪስ ቡድን፣ በእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ ኤንዛይሙ ከደም ሌላ በቀሩት ሕብረ ሕዋሳትም እንደሚጎድል አሳየ። በቀላሉ ዓይነት፣ ማለትም በሉርጋኖቹ ወንድማማቾች በታየው፣ የተበላሸው ኤንዛይም ቶሎ የሚፈርስ ነው። ሌሎች ሕዋሳት አዲስ እየሠሩ ይተኩታል፤ ኒውክለስ የሌለው ቀይ የደም ሕዋስ ግን በ120 ቀን ዕድሜው መተካት አይችልም። በከባዱ ዓይነት ኤንዛይሙ በየትኛውም ሕዋስ በበቂ አይገኝም። ሜቲሊን ብሉና ቫይታሚን ሲ የእነዚህን ሕፃናት የቆዳ ቀለም ይመልሳሉ፤ በአንጎላቸው ላይ የደረሰውን ጉዳት አይመልሱም። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ ከባዱን ዓይነት በእርግዝና ወቅት መርምሮ ማወቅ እንደተቻለ ተዘገበ።