ሙሽሮቹን ማን መልሶ ይድራል?

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ፤ የአንዲት ኮምፒውተር ጉድ ላውጋችሁ።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ነበረ። ባለቤቱ አዛውንት ናቸው፤ የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ እሳቸው ካሜራ ፊት ቆሟል። ታዲያ አንድ ቀን መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ ኖሮ ኮምፒውተሯ ጭጭ አለች። ተሸክመው ለጠጋኙ ልጅ ወሰዱለት። ከፈታትና አሸተተ። «ጋሼ፣ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» አላቸው። ያገለገለ ሌላ ተፈልጎ ተገጠመ።

በተኗ ሲጫን ተነሳች። ስክሪኑ ላይ ግን «የሚነሳ ዲስክ የለም» የሚል ጽሑፍ ድቅን! አዛውንቱ መቀመጫ ፈለጉ። ባለቤቶቹ ገና ያልወሰዷቸው የሠርግ ፎቶዎች በሙሉ እዚያ ዲስክ ላይ ናቸዋ!

ጥግ ይዞ ስልክ የሚፈታው የጠጋኙ ባልደረባ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ፎርማት አርገውና ዊንዶውስ ጫንበት፤ ምን ያደክምሃል?» አለ። ስንቱ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንቱ የሂሳብ ሰነድ በዚህች ምክር ደብዛው ጠፍቷል!

ልጁ አልሰማውም። ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። ፎልደሮቹ ተዘረገፉ፤ ሙሽሮቹ ሁሉ አሉ። በሌላ ዲስክ ገለበጣቸውና፣ «ጋሼ፣ ዲስኩ ደህና ነው። ከአዲሱ ቦርድ ጋር አልተስማማም እንጂ» አለ።

ያላስማማቸው ምን መሰላችሁ? ዲስኩ የተከፋፈለው ኤምቢአር በሚሉት በድሮው ሥርዓት ነው። ቦርዱ ደግሞ ዩኢኤፍአይ በሚሉት በአዲሱ አነሳስ ብቻ እንዲነሳ ተስተካክሏል። ልጁ የቦርዱ ማስተካከያ ወዳለበት ባዮስ ገብቶ የድሮውን አነሳስ የሚፈቅደውን ሲኤስኤም አበራ፤ በአነሳስ ቅደም ተከተሉም ዲስኩን አንደኛ አደረገው።

የዊንዶውስ 7 አርማ ብቅ አለ። አዛውንቱ «ተመስገን!» አሉ። ቸኮሉ! ሰማያዊ ስክሪን ብልጭ አለና ኮምፒውተሯ ጠፍታ ተነሳች፤ ደግሞ ሰማያዊ፣ ደግሞ ጠፋች። ልጁ ብልጭታውን በስልኩ ቀርጾ ቢያየው የስህተቱ ቁጥር መጨረሻ 7ቢ ይላል። ዊንዶውስ «የተጫንኩበትን ዲስክ ላገኘው አልቻልኩም» ማለቱ ነው።

«ከዚያው ዲስክ ተነስቶ የለም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ዊንዶውስን የሚያስጀምረው የቦርዱ ባዮስ ነው፤ ጥቂት እንደሄደ ግን ዊንዶውስ ዲስኩን በራሱ ድራይቨር ይረከባል። የተቃጠለው ቦርድ ሳታውን፣ ማለትም የዲስኩን መሰኪያ፣ የሚያሠራው አይዲኢ በሚሉት በድሮው ስልት ነበር። አዲሱ የሚያሠራው በኤኤችሲአይ ነው፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2004 ኢንቴል ያወጣው፣ ለዲስኩ እስከ 32 ትእዛዝ አሰልፎ መስጠት የሚችል ሥርዓት ነው። ዊንዶውስ 7 የዚህ ድራይቨር አለው፤ ሲጫን ስላላስፈለገው ግን ከመነሻው እንዳይሠራ አድርጎታል። እንግዲህ ቁልፉ ቤት ውስጥ ቀርቶ በሩ እንደተዘጋበት ሰው ሆነ።

ልጁ ባዮስ ተመልሶ ሳታውን ወደ አይዲኢ አዞረው። ዊንዶውስ ተነሳ! ወዲያው የዊንዶውስ ማስተካከያዎች የሚቀመጡበትን ሬጂስትሪ ከፍቶ ኤምኤስኤኤችሲአይ የሚለውን ያንን ድራይቨር አገኘ፤ ከመነሻው እንዲሠራም «ስታርት» የሚለውን ቁጥር ከ3 ወደ 0 ቀየረው። ኮምፒውተሯን ዘግቶ ባዮሱን እንደገና ኤኤችሲአይ ላይ አደረገ። ሰማያዊው ስክሪን በዚያው ቀረ።

እናንተም ቦርድ ከማስቀየራችሁ በፊት፣ ኮምፒውተሩ ገና የሚነሳ ከሆነ፣ የባዮሱን ገጾች በስልክ ፎቶ አንሷቸው። አዲስ ዊንዶውስ ኖሯችሁ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ እንደሆነ ባለ 48 አሃዙን ቁልፍ ቀድማችሁ ያዙ፤ ቦርዱ ሲለወጥ መጠየቁ አይቀርም።

አዛውንቱ ሂሳባቸውን ከፍለው ሲወጡ ያ ባልደረባ፣ «ያኔ ፎርማት ብታደርገው ይሄኔ ሁለት ኮምፒውተር ጨርሰህ ነበር» አለ።

«ልክ ነህ» አለ ልጁ። «ሙሽሮቹን ግን ማን መልሶ ይድርልኝ ነበር?»