የባርቢ ስም የማን ነው?

ቃል የሁሉ ነው ብሎ ላደገ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ፣ አንድ ኩባንያ አንዲትን ስም «የእኔ ናት» ብሎ በዘፈን ምክንያት ሲከስ ማየት እንግዳ ነገር ነው። ነገሩ ግን በአሜሪካ በእርግጥ ሆኗል።

የንግድ ምልክት ሕግ የቀደመ ዓላማው ሸማቹ እንዳይታለል መጠበቅ ነበር። በ1995 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካ ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ግን ከዚያ ተሻገረ፤ ማንም ባይታለል እንኳ ዝነኛ ስም «እንዳይደበዝዝ» ባለቤቱ መክሰስ ይችላል አለ። ለደራሲ ይህ አስጊ ነው። ዝነኛ ስም በግጥምና በስላቅ የሚነሣው ዝነኛ በመሆኑ አይደለምን?

በ1997 አኳ የተባለው የዴንማርክ የሙዚቃ ቡድን በባርቢ አሻንጉሊት ላይ የሚሳለቅ ዘፈን አወጣ። የአሻንጉሊቷ ባለቤት ማቴል ኤምሲኤ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ከሰሰ። በ2002 የይግባኝ ፍርድ ቤቱን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ አሌክስ ኮዚንስኪ ዘፈኑ ስሟን ማደብዘዙን አልካዱም። ነገር ግን ዘፈን ሸቀጥ ለመሸጥ ብቻ የሚነገር ቃል ስላልሆነ፣ ሕጉ ራሱ ለእንዲህ ዓይነቱ ንግግር የተወው ነፃነት ይሸፍነዋል አሉ። በመጨረሻም ሲሰዳደቡ የከረሙትን ተከራካሪዎች ረጋ በሉ ብለው መከሯቸው፤ ከችሎት የወጣ እንዲህ ያለ ምክር ብዙ አላነበብሁም።

በ2003 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ከሳሽ ስሙ በእርግጥ መደብዘዙን ያስረዳ ሲል የምልክት ባለቤቶች ቅር ተሰኙ። በ2006 ሕጉ ተሻሻለ፦ የመደብዘዝ ሥጋት ብቻ ለክስ በቂ ሆነ። በዚያው ማሻሻያ ግን ስላቅ፣ ሂስና ዜና በግልጽ ከክስ ነፃ ወጡ። አንዲት ሐረግ ብቻ ተከተለች፤ ስላቁ ነፃ የሚሆነው ተሳላቂው ስሙን ለራሱ ሸቀጥ መለያ ካላደረገው ነው።

ያቺ ሐረግ በሰኔ 2023 ክብደቷን አሳየች። በጃክ ዳንኤልስ የውስኪ ጠርሙስ ላይ የተቀለደበት የውሻ መጫወቻ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘንድ ደርሶ፣ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ቀልዱ የሸቀጡ መለያ ከሆነ ነፃነቱ አይሸፍነውም አሉ። ለመጫወቻ ሻጩ ብዙም አላዘንሁም፤ የሚያሳስበኝ ስላቁን በካናቴራ ላይ አትሞ የሚሸጠው ሠዓሊ ነው።

ማቴልስ? በ2009 ያንኑ የከሰሰውን ዘፈን ግጥሙን ለውጦ ለማስታወቂያ ተጠቀመበት።