መወጣጫና አንቀሳቃሹ፦ ከደብረ ዳሞ ገመድ እስከ አልዱባ

የግንባታ ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር የሚወሳው የቆመው ሕንፃ ነው። ሕንፃው እስኪቆም ድረስ ሠራተኛውን ተሸክሞ የቆየው መወጣጫ ሥራው ሲፈጸም ይፈርሳል፤ ከፈረሰም በኋላ ስሙን የሚያነሣ አይገኝም። መወጣጫውን ያቆመውና የጠበቀው ሰው ደግሞ ከመወጣጫውም ይልቅ የተረሳ ነው። መወጣጫን ከነአንቀሳቃሹ የሚያከራይ አነስተኛ ድርጅት ለማቋቋም ለሚያስብ ሰው ግን ይህ የተረሳ ታሪክ ከማናቸውም የንግድ ዕቅድ በፊት ሊታወቅ የሚገባው ነው። የማኅበራችን አባላትም በተከራይነት፣ በተቆጣጣሪነት ወይም በአማካሪነት ከዚህ ሥራ ጋር መገናኘታቸው ስለማይቀር፣ ነገሩን ከሥሩ መመልከቱ ይበጃል።

ለነገራችን መነሻ አልዱባን እንውሰድ። አልዱባ ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የደቡብ ኦሞ የገበያ ከተማ ናት፤ በማክሰኞ ገበያዋ የበና፣ የፀማይና የአሪ ሰዎች ይገናኙባታል። እንዲህ ባለች ከተማ ግድግዳ ከአንድ ፎቅ በላይ ሲያልፍ፣ የትምህርት ቤት ጣሪያ ሲታደስ፣ የመብራት ምሰሶ ሲጠገን ወይም የውኃ ታንከር ከፍ ብሎ ሲሰቀል፣ ሠራተኛው በምን ይወጣል? ከወጣስ በኋላ ለደኅንነቱ የሚጠየቀው ማን ነው? ጥያቄው የአልዱባ ብቻ ሳይሆን የሀገሪቱ ትናንሽ ከተሞች ሁሉ ነው።

ገመዱና ሳቢው

በሀገራችን ከነአንቀሳቃሹ የሚሠራ መወጣጫ ከሁሉ ቀድሞ የሚታወቀው በትግራይ በደብረ ዳሞ ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ አረጋዊ እንደተመሠረተ የሚነገርለት ይህ ገዳም ዙሪያውን ገደል ሆኖ፣ መግቢያው 15 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ቀጥ ያለ ዐለት ነው። ወጪው ከጠፍር የተገመደውን ገመድ ጨብጦ እግሩን በዐለቱ ላይ እያሳረፈ ሲወጣ፣ በወገቡ የታሰረውን ሁለተኛውን ገመድ ከላይ ያለው መነኩሴ ይስባል። ይህን አሠራር በሙያችን ዓይን ስንመረምረው ሁለት ነገሮች ተለይተው ይታያሉ። አንደኛው ሸክሙን የሚሸከመው ገመድ ነው፤ ሁለተኛው ሰውየው እጁ ቢከዳው ከመውደቅ የሚያድነው መጠበቂያ ነው። ሁለተኛው ገመድ ያለ ሳቢ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከላይ የቆመው ሰው ከመሣሪያው አንዱ ክፍል ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ዳሞ የሚነገር ሌላም ትውፊት አለ። ንጉሥ ገብረ መስቀል ቤተ ክርስቲያኑን ሲያሠሩ ዕቃና ሰው የሚወጣበት መንገድ ተደልድሎ ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ አቡነ አረጋዊ መንገዱን «ዳህምሞ»፣ ማለትም አፍርሰው፣ ብለው ስላዘዙ ቦታው ዳሞ ተባለ ይባላል። ትውፊቱ የመወጣጫን ጠባይ በሚገባ ይገልጣል፤ ለሥራ ይቆማል፣ ሥራው ሲፈጸም ይነሣል።

በላሊበላ ደግሞ የተገላቢጦሹን እናገኛለን። አብያተ ክርስቲያናቱ ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈሉ ስለወረዱ፣ ገና ያልተጠረበው ዐለት ራሱ ለጠራቢው መቆሚያ ሆኖታል። እነዚያ ጠቢባን የከፍታን ችግር የፈቱት የሥራውን ቅደም ተከተል በመለወጥ ነበር። ዛሬም ቢሆን መልካም አንቀሳቃሽ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ይህን ሥራ ከመሬት ላይ ሆኖ መሥራት አይቻልምን?

ከባሕር ዛፍ ወደ ብረት

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ባሕር ዛፍ ወደ ሀገራችን ሲገባ የታሰበው የአዲስ አበባን የማገዶና የእንጨት ችግር ለማቃለል ነበር። ዛፉ ቶሎ የሚያድግ፣ ቀጥ ያለና ርካሽ በመሆኑ ግን የግንባታው ዋና መወጣጫም ሆነ። አጣና በሚስማርና በገመድ እየተያያዘ ብዙ ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ቆመውበታል። ውለታው ሊካድ አይገባም፤ ሆኖም የእንጨቱ ጥንካሬ እንደ ዕድሜውና እንደ እርጥበቱ ይለያያል፣ ሚስማር በተደጋገመ ቁጥር ይሰነጠቃል፣ የሚሸከመውን ክብደት አስቀድሞ ማስላትም አዳጋች ነው። አጣናውን የሚያቆመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቀን ሠራተኛ ስለሆነ፣ ስሕተት ሲፈጠር ዋጋውን በአካሉ የሚከፍለው እርሱ ነው።

በውጭው ዓለም ለውጡ የመጣው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። በእንግሊዝ ሀገር ዳንኤል ፓልመር ጆንስ የተባለ ሰው መወጣጫን በገመድ ከማሰር ይልቅ በብረት ማያያዣ የሚያጠብቅ ዘዴ አወጣ፤ ቀጥሎም የብረት ቧንቧ የእንጨቱን ቦታ ያዘ። ብረቱ ተፈትቶ ደግሞ ስለሚገጠም፣ መወጣጫ ከአንድ ሥራ ጋር የሚያልቅ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ሊከራይ የሚችል ንብረት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ጆን ግሮቭ ኩባንያውን አቋቁሞ በሞተር የሚነሣና ሠራተኛው ራሱ ከቅርጫቱ ውስጥ የሚያዝዘውን ማንሻ ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው እየተስፋፋ ሲሄድ የአንቀሳቃሽ ሥልጠና የግድ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የማንሻ መድረኮች ፌዴሬሽንም ይህንኑ ሥልጠና ዋና ተግባሩ አድርጎ ያዘ።

ወደ ሀገራችን ከባዱ መሣሪያ የገባው በአብዛኛው ከታላላቅ ሥራዎች ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው 24 ሜትር ቁመት ያለው የአክሱም ሐውልት በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ሲመለስ፣ መልሶ ለማቆም በስፍራው ልዩ የብረት ማማ ተተክሎ ነበር። ሐውልቱ ቆሞ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ማማውም ተነሣ። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. በተመረቀውና 240 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የጊቤ ሦስት ግድብም በኦሞ ወንዝ ላይ ብዙ መሣሪያ ተሰማርቶ ነበር። እንዲህ ያለው መሣሪያ ከሥራ ተቋራጩ ጋር መጥቶ ከሥራ ተቋራጩ ጋር ይሄዳል። ግድቡ ለሀገር ይቀራል፤ በዚያው ወንዝ ተፋሰስ ያለችው ትንሽ ከተማ ግን ጣሪያዋን የምትጠግነው በአጣና መሰላል ነው። አነስተኛው የኪራይ ድርጅት የሚሞላው ክፍተት ይህ ነው።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

ዕቃ ብቻ ማከራየትና ዕቃን ከነአንቀሳቃሹ ማከራየት በሕግ ዓይን አንድ አይደሉም። በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ1946 በእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የተሰጠ ፍርድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የሊቨርፑል አካባቢ የወደብ ቦርድ አንድ ክሬን ከነአሽከርካሪው ለመርከብ ጫኝ ኩባንያ አከራየ፤ በአሽከርካሪውም ቸልተኝነት ሰው ተጎዳ። ውሉ አሽከርካሪው የተከራዩ ሠራተኛ ይሆናል ቢልም፣ ፍርድ ቤቱ ኃላፊነቱን በአከራዩ ላይ አጸና። ምክንያቱም ተከራዩ ምን እንደሚነሣ ማዘዝ ቢችልም እንዴት እንደሚነሣ ግን ማዘዝ አይችልም ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም አሠሪ ሠራተኛው በሥራው ላይ ባደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን በቁጥር 2130 ይደነግጋል፤ በቁጥር 2134 ደግሞ ሥራውን በነጻነት የሚያከናውን ሰው ላጠፋው ጥፋት ሥራውን የሰጠው ሰው እንደማይጠየቅ ያመለክታል። ሁለቱ ድንጋጌዎች ተጣምረው ሲነበቡ ሥልጣንና ኃላፊነት አብረው እንደሚሄዱ ያስተምራሉ። በመሆኑም አከራዩ በውሉ ላይ የአንቀሳቃሹን ሥልጣን በግልጽ ማስፈር አለበት፤ ነፋስ ሲበረታ፣ መሬቱ ሲላላ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ሲቀርብ ሥራውን የማቆም መብት የአንቀሳቃሹ ይሁን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል።

የአነስተኛው ድርጅት አጀማመር

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን በአልዱባ ወይም በጂንካ ለሚጀምር ሰው የሚሆነውን እንመልከት። ባለ ቅርጫት ማንሻ መኪና ዓይን ቢማርክም፣ የዘይት ግፊት ሥርዓቱን የሚጠግን ባለሙያና መለዋወጫ በቅርብ በሌለበት ስፍራ አንድ ብልሽት ድርጅቱን ለወራት ሊያስቆመው ይችላል። ስለዚህ ተፈታትቶ በአነስተኛ የጭነት መኪና የሚጓዝ፣ ባለ መንኮራኩር የብረት መወጣጫ የተሻለ መነሻ ነው። ለዚህ ዓይነቱ የቆየው የጥንቃቄ ደንብ ከቤት ውጭ ሳይታሰር ሲቆም ከፍታው ከጠባቡ የመሠረት ጎኑ ሦስት እጥፍ እንዳይበልጥ ነው፤ ጎኑ 1.2 ሜትር ከሆነ መድረኩ ከ3.6 ሜትር ማለፍ የለበትም። ከዚያ በላይ ከተፈለገ መደገፊያ መጨመር ወይም ከሕንፃው ጋር ማሰር ያስፈልጋል። ሰው በላዩ ሳለም አይገፋም።

ሁለተኛው የዋጋ ስሌት ነው። መሣሪያው ሳይሠራ የሚውልበት ቀን ከሚሠራበት ሊበልጥ ይችላል። በወር 8 ቀን ብቻ የሚከራይ ከሆነ፣ የአንቀሳቃሹ የወር ደመወዝ፣ የማከማቻው ኪራይና የብድሩ ክፍያ ለ8 እንጂ ለ30 መካፈል የለባቸውም። የማጓጓዣና የመግጠሚያ ጊዜ ለብቻው ካልተሰላ፣ ከአልዱባ ቀይ አፈር የተጓዘ መወጣጫ የቀኑን ገቢ በመንገድ ላይ ጨርሶ ይመለሳል። ካፒታልን በሚመለከት የካፒታል ዕቃ ኪራይ ሥራ አዋጅ ቁጥር 103/1990 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 807/2005 ሙሉ ዋጋውን በአንድ ጊዜ መክፈል ለማይችል ሰው ዕቃውን በኪራይ መልክ የሚያገኝበትን ሥርዓት ዘርግተዋል።

ሦስተኛውና ዋናው የአንቀሳቃሹ ምርጫ ነው። በበናና በአካባቢው ቀፎ በዛፍ ላይ ስለሚሰቀል፣ ከፍታን የማይፈሩ፣ ቅርንጫፍ ሳይረግጡ የሚፈትኑ ሰዎች በሀገሩ ሞልተዋል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን አለመፍራት ብቻውን ሙያ አይሆንም። በዛፍ ላይ የሚወጣው ሰው የሚጠብቀው ራሱን ሲሆን፣ አንቀሳቃሹ የሚጠብቀው ሌላውን ነው። ሥልጠናው ይህን ልዩነት ሊያስጨብጠው ይገባል። ጠዋት ጠዋት መጋጠሚያዎችን መመርመር፣ የተጣመመውን ቧንቧ ለይቶ ማውጣት፣ ያየውን በመዝገብ ማስፈር የዕለት ግዴታው ይሁን።

የማኅበራችን አባላትም ድርሻ አለብን። በሥራ ዝርዝርና ዋጋ ሰነድ ውስጥ መወጣጫ ራሱን የቻለ መደብ ካልተሰጠው፣ ዋጋው በሌላ ሥራ ውስጥ ይደበቃል፤ የተደበቀ ዋጋ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚቀነስ ነው። ርካሹ አጣና ከሠለጠነ አንቀሳቃሽ ጋር ተወዳድሮ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው እኛ በምናዘጋጀው ሰነድ ላይ ነው። መወጣጫን በመጠን፣ በቀናትና ከነአንቀሳቃሹ ለይቶ የሚያሰፍር መሐንዲስ ለአልዱባው አነስተኛ ድርጅት ገበያ ይከፍትለታል፤ ለቀን ሠራተኛውም በወገቡ የሚታሰረውን ሁለተኛውን ገመድ ያቀብለዋል።