በጣርማ በር የወጣ አቤቱታ

ከወሎ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መንገደኛ ከሚሴን፣ አጣዬንና ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ሲደርስ ቆላው ያበቃለታል። ከከተማይቱ በላይ የጣርማ በር ተራራ ተገትሮ ይጠብቀዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለው፣ ከ500 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ቆላውን ከደጋው ያገናኛል። ዛሬ መንገደኛው ደብረ ሲናን የሚያውቃት ይበልጡን በቆሎዋ ነው፤ አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ሻጮቹ መስኮቱን ይከቡታል። በዚህ ዳገት ላይ የወጣው ግን የንግድ ዕቃና መንገደኛ ብቻ አልነበረም። የገጠሩ ሕዝብ አቤቱታም በዚሁ በር ወጥቷል፤ ተመልሶም ወርዷል።

«አቤት» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ለተጠራ ሰው መልስ ነው፤ ለተበደለ ሰው ደግሞ ጥሪ ነው። በጥንቱ ሥርዓት ተበዳዩ በንጉሡ አደባባይ ቆሞ «ጃን ሆይ!» እያለ ሲጮኽ፣ ጩኸቱን ሰምቶ ማስጠጋት የዙፋኑ ግዴታ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ልማዱ በኋላ በጽሑፍ ሕግ ውስጥም ገባ። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ለኢትዮጵያ ተወላጆች ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብን መብት ሰጠ፤ በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣውም በግዛቱ የሚኖር ሁሉ ለንጉሠ ነገሥቱ ማመልከት እንደሚችል ደነገገ። እንግዲህ በወረቀት ላይ ከዚህ የቀና ነገር አልነበረም።

ነገሩ የሚጣመመው በአፈጻጸሙ ነው። አንድ ሰው ስለ ግል በደሉ ደጅ ቢጠና ገዢዎቹ ይታገሡታል፤ ደጅ ጥናት ራሱ የመገዛት ምልክት ነበርና። አንድ ቀበሌ ተማክሮ፣ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ለማመልከቻ ጸሐፊ ከፍሎ፣ ስንቅ አስይዞ ወኪል ሲልክ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ወኪሉ የሚከሰው ብዙ ጊዜ የአገሩን ገዢ ወይም የገዢውን ወዳጅ ባላባት ነው። ማመልከቻው ከአዲስ አበባ «ጉዳዩ ይጣራ» የሚል ቃል ተጽፎበት ቁልቁል ሲመለስ የሚያርፈው በዚያው በተከሰሰው ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚጣራው በደሉ መሆኑ ይቀርና፣ ሕዝቡን ማን አሳደመው፣ መዋጮውን ማን ሰበሰበው የሚለው ይሆናል። መብቱ ለአቤቱታው ተሰጥቶ ነበር፤ አቤቱታውን የተሸከመው ሰው ግን መጠጊያ አልነበረውም።

የየጁ ገበሬዎች ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከጣሊያን መባረር በኋላ መሬታቸው ከእጃቸው እየወጣ ወደ ባለሥልጣኖችና ወደ ባላባቶች ይዞታ ሲዛወር፣ አስቀድመው የሞከሩት መንገድ ማመልከት ነበር። ሰሚ አጡ። በ1940 ዓ.ም. በቀኛዝማች መላኩ ታዬና በኡንዳ መሐመድ መሪነት ሲነሡ፣ በመጀመሪያ ካጠቋቸው ስፍራዎች አንዱ የወልድያ ወህኒ ቤት መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። የአገር መከራ አደባባዩ ላይ ሳይሆን እስር ቤቱ ውስጥ ተዘግቶበት ነበር። ዓመፁ በጦር ኃይል ተደመሰሰ። ከዚያ በኋላ በመንግሥት አንደበት የገበሬው ስም ባለጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ሽፍታ ሆነ።

በጎጃም በ1960 ዓ.ም. የሆነው ከዚህ ይለያል፤ ትምህርቱ ግን ይበልጥ መራራ ነው። የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ፣ ግብሩ ርስቱን የማስለኪያ ዘዴ ነው ብሎ ሠጋ። ሽማግሌ ልኮ ቢያመለክትም ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ አልሰሙትም። መሣሪያ አነሣ፤ ጦር ዘመተበት፤ መንደሮችም በአውሮፕላን ተደበደቡ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። በቃል የተጠየቀው በጥይት ተፈቀደ ማለት ነው። አንድ መንግሥት ለሕዝቡ ከዚህ የከፋ ነገር ሊያስተምር አይችልም።

ሕጋዊ ማኅበር ማቋቋምም ከለላ አልሆነም። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ ለማሠራት ከገጠሩ ሕዝብ መዋጮ እየሰበሰበ ተስፋፋ። በ1959 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአንድ ሲኒማ ቤት ቦምብ ከፈነዳ በኋላ መሪዎቹ ታሰሩ። ማሞ መዘምር በስቅላት ሞተ፤ በጄኔራል ታደሰ ብሩ ላይ የተፈረደው ሞት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ ማኅበሩም ታገደ። ከማኅበሩ ጋር ትምህርት ቤት ለማሠራት ያዋጣው ገበሬም ተጠርጣሪ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የጣርማ በርን መንገድ የታሪክ ምስክር ያደረገው የ1965 ዓ.ም. ረኃብ ነው። በዚያ ዓመት መግቢያ የወሎ ገበሬ በአውራ ጎዳናው ዳርና ዳር ተሰልፎ፣ አውቶቡስና የጭነት መኪና እያስቆመ እህል ይለምን ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ አንድ ሺህ ያህል ተፈናቃዮች አዲስ አበባ ደርሰው በቀይ መስቀል እጅ ወድቀዋል። ጥቂት ወራት ቆይቶ 1 ሺህ 500 ያህል ገበሬዎች መከራቸውን ለመንግሥት ለማመልከት ተነሡ። ፖሊስ ከከተማው ዳርቻ መለሳቸው። ዱላም ጠመንጃም አልያዙም፤ ጥፋታቸው መታየታቸው ነበር። ገጽታው እንዳይበላሽ የሚሠጋ መንግሥት የተራበ ሰው ሲመጣበት እንደ ወራሪ ጦር ይቆጥረዋል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ይህን ረኃብ መርምረው እንዳመለከቱት፣ በዚያው ወቅት ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ ነበር። ገበሬው ሰብሉ ጠፍቶበት የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው፣ የተገኘው እህል ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። ወደ መዲናይቱ በሚወስደው መንገድ እህሉ አለፈ፤ የእህሉ አምራች ተመለሰ። የሟቾቹን ቁጥር የሚገምቱ ጸሐፊዎች ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ያደርሱታል።

ሆኖም ሰዎቹ የተከለከሉበትን በር ሥዕላቸው አለፈው። በ1965 ዓ.ም. የፀደይ ወራት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ደርሰው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በግቢያቸው አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር ተሰባጥሮ ለኢትዮጵያ ተመልካች ቀረበ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ከከተማው ዳርቻ የተመለሱት ገበሬዎች ማመልከቻ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ እንዲህ ባለ መንገድ ቤተ መንግሥት ደረሰ። ካሜራ የወኪልን ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ለኪነ ጥበብ ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ጭሰኝነት ተሻረ፤ በ20 ጋሻ ገደማ ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተወሰነ። የገበሬው ወኪል ለመጀመሪያ ጊዜ ማኅተምና የፍርድ ሸንጎ አገኘ። በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ከወጡት 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን መካከል ከገበሬው ጋር ወግነው ከመሬት ከበርቴውና ከፖሊስ ጋር የተጋጩ፣ የታሰሩና የተገደሉም ነበሩ። ይሁን እንጂ ዓመታት እያለፉ ሲሄዱ የማኅበሩ ሊቀ መንበር የእህል ኮታ ሰብሳቢ፣ ከ1975 ዓ.ም. ወዲህም የብሔራዊ ውትድርና መልማይ ሆነ። ወደ ላይ እንዲናገር የተመረጠው ሰው ፊቱን አዙሮ የላይኛውን ትእዛዝ ወደ ታች ያወርድ ጀመር። ገበሬው ወኪል አገኘሁ ባለበት ማግሥት ወኪል አጣ።

ሥርዓት ከተለወጠም በኋላ ዕዳው በአቤቱታው ተሸካሚ ላይ መውደቁ አልቀረም። በጋምቤላ የተካሄደውን የመንደር ማሰባሰብ በመቃወም የአኙዋክ ተወላጆች በ2005 ዓ.ም. ለዓለም ባንክ የምርመራ ጉባኤ አመለከቱ። ይህ አቤቱታ በጣርማ በር አልወጣም፤ ባሕር ማዶ ተሻገረ እንጂ። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ናይሮቢ ለሚደረግ የምግብ ዋስትና ዐውደ ጥናት ሊሄዱ የነበሩ ሰዎች በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተያዙ። ከመካከላቸው ሦስቱ በዚያው ዓመት ማብቂያ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ተከሰሱ። አንዱ ፓስተር ኦሞት አግዋ ነበሩ፤ ከመያዛቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ የባንኩ መርማሪዎች ጋምቤላ በመጡ ጊዜ የገበሬውን ቃል ያስተረጎሙላቸው እርሳቸው ናቸው።