መንግሥት በማዕዶተ ዮርዳኖስ

ሙሴ በናባው ተራራ ላይ ቆሞ ምድረ ርስትን አሻግሮ ያየበት፣ ሩት ከአማቷ ከኑኃሚን ጋር ተነሥታ ወደ ቤተ ልሔም የሄደችበት፣ በቅዱሳት መጻሕፍት ሞዓብና አሞን፣ ገለዓድና ኤዶም እየተባለ የሚጠራው የዮርዳኖስ ማዶ አገር፣ ከ1516 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአራት መቶ ዓመት የዑስማን ሥርወ መንግሥት ግዛት ሲባል ኖሯል። በመጀመሪያው ምእት ዓመት የሱልጣኑ ጸሐፍት በብዙ መንደሮች ቤቱንና አዝመራውን ቈጥረው ግብር ጥለው ነበር፤ እየቈየ ግን የመንግሥት እጅ ከአገሩ እየራቀ ስለ ሄደ፣ ግዛቱ የስም እንጂ የግብር አልነበረም። ሱልጣኑ በዚያ ምድር አጥብቆ የሚሻው አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ከደማስቆ ወደ መካ የሚጓዙት ሐጃጆች በደኅና ደርሰው በደኅና እንዲመለሱ ነው። ስለዚህም በመንገዱ ላይ ውኃ የሚጠብቁ ምሽጎች ሠራ፤ ለጎሣ አለቆችም በየዓመቱ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። እንዲህም ሆኖ በ1757 በኒ ሳኽር የሚባሉት ዘላኖች ከመካ የሚመለሰውን ቅፍለት አጥቅተው ዘረፉት፤ ከሰይፍ ካመለጠውም ብዙው በረሃብና በውኃ ጥም አለቀ። ከመንገዱ ራቅ ብሎ የሚኖረው ገበሬ ደግሞ አዝመራው እንዳይዘረፍበት ለኀይለኛው ጎሣ የወንድማማችነት የሚባል ግብር ይከፍል ስለ ነበር፣ ለንጉሥ ሊገባ የሚገባው እህል የዘላን ቀለብ ሆኖ ቀረ።

በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት ግን የዑስማን መንግሥት በባልካን ያለው ግዛቱ እየተቈረሰ፣ ዕዳውም እየከበደ በሄደ ጊዜ፣ ቸል ብሎት የኖረውን ጠረፍ ሊያለማውና ሊያስገብረው ግድ ሆነበት። በ1858 የወጣው የመሬት ሕግ ርስት ሁሉ በባለቤቱ ስም በመዝገብ እንዲገባ አዘዘ፤ በ1864 የወጣው የአስተዳደር ሕግም ጠቅላይ ግዛቱንና አውራጃውን፣ ሹሙንና ሸንጎውን በየደረጃው ደነገገ። የሶርያ ገዢ ረሺድ ፓሻም በ1867 ሠራዊት አስከትቶ የሰልጥ ከተማ ወዳለችበት ወደ በልቃ ምድር ወረደና፣ የዐድዋንን ጎሣ አስገብሮ በሰልጥ ሹምና የጦር ዘብ አኖረ፤ በ1869 ደግሞ በበኒ ሳኽር ላይ ዳግመኛ ዘመተ።

ዘመቻ በር ይከፍታል እንጂ ቤት አይሠራም። በሰልጥ መንግሥትን ያጸናው ከወታደሩ ይልቅ ገበያው ነው። በበረሓው የሚበቅለውን ጨው አዘል ቍጥቋጦ ዘላኖች ለቅመው ያቃጥሉት ነበር፤ አመዱም ረግቶ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር በግመል ጭነው ወደ ሰልጥ ያወርዱት ነበር፤ ከዚያ ዮርዳኖስን ተሻግሮ ናብሉስ ሲደርስ፣ በሳሙና ቤቶች ተወቅጦ ከኖራ ጋር ይቀላቀልና ለወይራ ዘይት ሳሙና መሥሪያ ይውል ነበር። የናብሉስ ነጋድያን ይህን ንግድ ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ አሁን ግን ዳኛና ዘብ በአጠገባቸው ስለ ተተከሉላቸው፣ ራሳቸው መጥተው በሰልጥ ሱቅ ከፈቱ፣ ከቢጫ ድንጋይም እስከ ዛሬ የሚታዩትን ያማሩ ቤቶች አነጹ። ያበደረ ሰው ገንዘቡን በፍርድ የሚያስመልስበት ቦታ ሲያገኝ፣ መንግሥቱ እንዲጸና ከሹሙ ይልቅ እርሱ ይመኛል።

ከገበያው ቀጥሎ መንግሥቱን የደገፈው ሁለተኛው ምሰሶ ሰፋሪው ሕዝብ ነው። የሩስያ ጦር ከካውካስ ያፈናቀላቸው፣ ከባልካንም እንደ ገና የተሰደዱት ቼርኬሶች በ1878 በዐማን ሰፈሩ፤ የአሞን ልጆች ከተማ የነበረችው ዐማን ያን ጊዜ ፍርስራሽ ነበረችና፣ መጀመሪያ የተጠለሉት በዋሻና በሮማውያን ቴአትር ጓዳዎች ውስጥ ነው። ከዚያም በበሬ የሚሳብ ጋሪያቸውን ይዘው እርሻ ጀመሩ። በደቡብ ያለችው አምባ የከረክ ክርስቲያኖችም ብዙ ሳይቈይ ወደ ጥንታዊቷ ሜድባ ፈልሰው፣ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ሲሠሩ፣ ኢየሩሳሌምንና ምድረ ቅድስትን በኅብረ ቀለም ጠጠር የሚያሳየው የስድስተኛው ምእት ዓመት ካርታ ተገኘ። ለበኒ ሳኽር ግን ዐማንም ሜድባም የከብቶቻቸው መሰማሪያ ነበሩ፤ ስለዚህ መንግሥት ለአንዱ የሰጠው ርስት ከሌላው የነጠቀው ግጦሽ ሆነ።

የመሬቱ መዝገብም ሌላ በደል ወለደ። ድኻው ገበሬ ስሙ ከተጻፈ ግብርና የጦር ምልመላ ተከትለው እንደሚመጡበት ስለ ፈራ፣ የአባቱን መሬት በጎሣ አለቃው ወይም ባበደረው ነጋዴ ስም ማስጻፍን መረጠ፤ ባለርስት የነበረው ሰው በሕግ ፊት ጭሰኛ ሆኖ የተገኘው እንዲህ ነው። ርስትን ሊያጸና የወጣ ሕግ፣ ሕዝቡ ስላላመነው ብቻ፣ ርስት መንቀያ ሆነ።

ያለማመኑ ፍሬ ከሁሉ ይልቅ የታየው በከረክ ነው። እስከ 1893 ድረስ የመጃሊ ወገን በራሱ ሥልጣን ያስተዳድራት የነበረችው ይህች አምባ፣ በዚያ ዓመት የሱልጣኑን ጦርና ሹም ተቀበለች። በ1900 የታወጀው የሒጃዝ ባቡር ሐዲድም ከምእመናን በተሰበሰበ ገንዘብ ጭምር እየተሠራ በ1903 ዐማን፣ በ1904 መዓን፣ በ1908 መዲና ደረሰ። ባቡሩ ግን ሐጃጅ ያመላልስ የነበረውን የዘላን ግመል ሥራ ፈት አደረገው። በ1910 ቈጣሪዎች ሕዝቡን ሊመዘግቡ በመጡ ጊዜ፣ ትጥቅ መፍታትና የጦር ምልመላ ቀጥሎ እንደሚመጣ ስለ ታወቀ፣ ከረኮች በቀድር አል መጃሊ መሪነት ተነሡ። ቈጣሪዎቹን ገደሉ፤ የመንግሥት ቤቶችን ከነመዛግብታቸው አቃጠሉ፤ የባቡር ጣቢያም ዘረፉ። ዘቡ በግንቡ ውስጥ ተከቦ ሲዋጋ ቈይቶ፣ የመንግሥቱ ጦር አዛዥ ሳሚ ፓሻ ያዘመተው ሠራዊት ደርሶ አገሩን በጽኑ ቅጣት አስገበረው።

ዑስማናውያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፈው በ1918 ዮርዳኖስን ለቀው ወጡ፤ ሥርዓታቸው ግን አብሮ አልወጣም። በ1920 በሰልጥ፣ በዐጅሉንና በከረክ ትንንሽ መንግሥታት ሲቋቋሙ፣ የከረኩም በሞዓብ ስም ሲጠራ፣ የተተከሉት በዚያው በቀድሞዎቹ የአውራጃ መቀመጫዎች ላይ ነው፤ በ1921 ዐማን የደረሰው፣ የኋላው የዮርዳኖስ ንጉሥ አሚር ዐብደላህም ግዛቱን ያቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነበር።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምማረው የቅደም ተከተልን ነገር ነው። በሰልጥ ዳኝነትና ሰላም ቀድመው ግብር ስለ ተከተለ፣ ሕዝቡ መንግሥትን እንደ ራሱ ጥቅም ቈጠረው፤ በከረክ ግን ሕዝቡ የመንግሥትን ፍሬ ሳያይ ልጁንና ጠመንጃውን ስለ ተጠየቀ፣ የተቀበለውን ሹም ጠላት አደረገው። ሁለቱ ከተሞች የአንድ ሥርወ መንግሥትና የአንድ ሕግ ስለ ሆኑ ልዩነቱን በሕዝቡ ጠባይ ማመካኘት አይቻልም። የጠረፍ አገር ሰው መንግሥትን የሚጠላ ተፈጥሮ የለውም፤ የሚጠላው የመንግሥትን ሸክም ብቻ ሲያይ ነው፤ ስለዚህ ጠረፍ የሚያቀና ገዢ ሁሉ ከቈጣሪው አስቀድሞ ዳኛውን ሊልክ ይገባዋል።