ድሩ የሚፈተልበት ወቅት፦ የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን ከ2004 እስከ 2011



«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል ድሩ መቼና በማን እጅ እንደተፈተለ ብዙም አንጠይቅም። የስፖርት ታሪክም እንዲሁ የድሉን ቀን መዝግቦ ሜዳው ጭር ያለበትን ወቅት ይዘነጋል። ዛሬ ላወሳ የምሻው ይህንኑ የተዘነጋ ወቅት ነው። ማሳያዬ ኦል ብላክስ በሚል ስም የሚታወቀው የኒውዚላንድ ብሔራዊ የራግቢ ቡድን ሲሆን፣ ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በኦገስት 2004 ቡድኑ ጆሃንስበርግ ላይ በደቡብ አፍሪካ 40 ለ 26 ተሸነፈ። አሰልጣኙ ግራሃም ሄንሪና ባልደረቦቻቸው ከስልቱ ባሻገር የቡድኑን ባህል መመርመር ግድ ሆነባቸው። በውድድሮች መካከል ባገኙት ፋታም ሥልጣናቸውን ማካፈል ጀመሩ። ከተጫዋቾች መካከል የአመራር ጓድ ተቋቋመ፤ አምበሉ ታና ኡማጋም ኃላፊነቱን ከባልንጀሮቹ ጋር ተጋራ። አንጋፋዎቹ ሳይቀሩ ከጨዋታ በኋላ መልበሻ ክፍላቸውን ራሳቸው መጥረጋቸው የቡድኑ መለያ ሆነ። በ2005 ለቡድኑ የተደረሰውን አዲስ ሃካ፣ «ካፓ ኦ ፓንጎ»ን፣ ደኒደን ከተማ ውስጥ በዚያው በደቡብ አፍሪካ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዩ።

ትረካው እዚህ ላይ ቢያበቃ ለማስተማር በተመቸ ነበር። ነገር ግን በ2007 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ካርዲፍ ላይ በፈረንሳይ 20 ለ 18 ተረቱ። አምበልነቱን የተረከበው ሪቺ ማካውም ብርቱ ትችት ደረሰበት። እንዲህ ባለ ጊዜ አሰልጣኝ ማሰናበት የተለመደ ነው። የአገሪቱ ራግቢ ማኅበር ግን ሄንሪን በቦታቸው አጸና፤ ማካውም አምበል ሆኖ ቀጠለ። በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ ወሳኝ ሰዓት ያ ውሳኔ ነው፤ ሦስት ዓመት የተፈተለውን ድር ከመበጠስ አድኖታልና።

በ2011 ዋንጫው ኒውዚላንድ ውስጥ ተካሄደ። ዳን ካርተርና ኮሊን ስሌድ አስቀድመው ተጎድተው ወጡ፤ በፍጻሜው ዕለት ደግሞ አሮን ክሩደን ተጎዳ። በምትኩ የገባው ስቴፈን ዶናልድ በመጀመሪያው ምርጫ ያልተካተተ፣ ጥሪው ሲደርሰው ዓሣ በማጥመድ ላይ የነበረ ተጫዋች ነው። የመታት የቅጣት ምት ተቆጠረች፤ ኒውዚላንድ ፈረንሳይን 8 ለ 7 አሸነፈች።

የአንዲት ነጥብ ልዩነት የማንንም ንድፈ ሐሳብ አያረጋግጥም። ሆኖም አራተኛው ሰው ዘግይቶ ሲደርስ የተዘጋጀ ስፍራ ጠብቆታል፤ አንድነት የምለው ይህንን ነው። እንዲህ ያለው ስፍራ በፍጻሜው ቀን አይሠራም። ስለዚህ ክረምት ገብቶ ክለቦቻችን ሲበተኑ አንድ ጥያቄ አንሱ፦ ስለ መጪው ዓመት ከተጫዋቾቹ ጋር የሚመክር አለን?